የደረቁ ጉድጓዶች ስብሰባ

በ1976 በልጉ ቀረ። ክረምቱም ነጎድጓድ ብቻ አሰምቶ አለፈ። ወሎ ውስጥ ወረባቦ የነበረው ወንድሜ ኢሳ መጀመሪያ በሬዎቹን ሸጠ፤ ቀጥሎ የቤቱን በር ነቅሎ ሸጠ። በ1977 ጥቅምት መንገድ ላይ ሞተ። ወሬው የደረሰኝ ግን በታኅሣሥ ነው። ሚስቴ ዘሃራ ከእሱ በፊት ስለሞተች ለቅሶ የተቀመጥኩት ብቻዬን ነበር። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አናጢ ነኝ። የምሠራው ቦሌ ሚካኤል ነው። ያን ዓመት እህል የጫኑ አውሮፕላኖች ከጣራዬ በላይ ወደ ሰሜን ይበሩ ነበር። ሲያልፉ መጋዙን አቆማለሁ።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የመሬት ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር ከቀበሌ ተከራይቶት ነበር። ቁልፉን የሚይዘው ገብረዋሕድ ነው። የአክሱም ልጅ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ያጠናል። ጦርነቱ መንገዱን ስለዘጋው ከእናቱ ደብዳቤ መጥቶለት አያውቅም። አላገባም።

በማኅበሩ ውስጥ የውሃ ሰዎች የራሳቸው ዘርፍ እንዲኖራቸው ይደክም ነበር። ማኅበሩ ፈቀደለት። ነገር ግን እስከ ሰኔ መጨረሻ አሥር አባላት በአንድነት ተሰብስበው ካልፈረሙ ዘርፉ ይሰረዛል። የነበሩት አራት ናቸው።

"ማኅበር አላችሁ፤ ሌላ ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"ጋሼ አብዱልገኒ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ቆፍሮ ውሃ ያጣበትን ቦታ ሌላው ሄዶ ይቆፍረዋል። ያጣ ሰው አይናገርማ።"

"ለምን?"

"ያገኘ ይሸለማል፤ ያጣ አሻጥረኛ ይባላል።"

"ታዲያ ሰብስበህ አሻጥረኛ ነን በሉ ልትላቸው ነው?"

ሳቀ። "እንደዚያ ካልኳቸው ማን ይመጣል!"

"ሳትላቸውም አልመጡም።"

ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራሁለትን አግዳሚ ወንበሮች ይደረድራል። አንዳንዴ አንድ ሰው ይመጣል፤ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን እያየ ጥቂት አውርቶ ይሄዳል። ገብረዋሕድ እስኪመሽ ባዶ ወንበሮቹ ፊት ይቀመጣል። በመስኮቴ አየው ነበር።

በግንቦት በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ሰዎቹን ለመነ። ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ እንመጣለን አሉት። ቀጥሎ ቀበሌው እንቢ አለ። በቀበሌ ቤት ለመሰብሰብ ከነዋሪው ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱ ስብሰባው ላይ ተቀምጦ የተባለውን ለሊቀመንበሩ ለደቻሳ ይነግራል። ባለሱቁ ልጄ ታሟል አለ። ልብስ ሰፊው "የሰሜን ሰው ሲሆን ይከብዳል" አለው ፊት ለፊት።

እኔን አልጠየቀኝም። ለምን እንዳልጠየቀኝ አውቃለሁ።

በ1970 የሸጥኩት ሣጥን ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኝቶ ታሰርኩ። አብረውኝ ከታሰሩት ሦስቱ ተወስደው አልተመለሱም። ዋስ አምጣ ተባልኩ፤ ዘመድም ጎረቤትም ጠፋ። ገብረዋሕድ ያኔ የድንጋይ ናሙና መደርደሪያ ያዘዘኝ ደንበኛ ብቻ ነበር። ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ዘሃራን በሩ ላይ ስታለቅስ አገኛት፤ ሄዶ ፈረመልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላነሳውም። አሁን ዋስ ይሁኑኝ ቢለኝ ውለታውን መጠየቅ ይሆንበታል።

ደቻሳ ዘንድ ሄድኩ።

"ሽማግሌው፣ ለእሱ ነው ዋስ የምትሆነው? ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?"

"ጎረቤቴ ነው።"

"ስለ ምንድን ነው የሚሰበሰቡት?"

"ስለ ውሃ።"

"ውሃ ከጠማቸው ቦኖው ደጅ ነው!" አብረውት የተቀመጡት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ሰኞ መጥተህ ሁሉንም ትነግረኛለህ። ከዋሸህ ከእሱ ጋር እስር ቤት ትገባለህ።"

"እሺ።"

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ከገብረዋሕድ ጋር አሥር ሆኑ። እኔ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ማንም አይናገርም። ገብረዋሕድ ተነሥቶ የራሱን ደረቅ ጉድጓድ ነገራቸው፤ የት እንደቆፈረ፣ ምን ድንጋይ እንዳጋጠመው። "ሪፖርቱ ላይ ጥናቱ ይቀጥላል ብዬ ጻፍኩ" አለ።

አንድ ወፍራም ሰው ሳቀ። "አንተም? እኔ እኮ የፈጠርኳት ዘዴ መስላኝ!"

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በየተራ መናገር ጀመሩ።

አስፋው የሚባል ሽበታም ሰው ነበር። "ወረባቦ ሰማንያ ሜትር ወርጄ አጣሁ" አለ። "ለካ ሌሎች እዚያው ቆፍረው አጥተው ኖሯል። ማን ይንገረኝ! ወንዙን ተሻግሬ ብሞክር ኖሮ ውሃ አገኝ ነበር። ማሽኑን ነቅለን ስንሄድ ሰዉ ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ ያየን ነበር።"

"ወረባቦ የት ጋ?" አልኩ። መናገር አልነበረብኝም። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

የመንደሩን ስም ነገረኝ። የኢሳ መንደር ነው።

"መቼ?"

"ባለፈው ሐምሌ።"

የገብረዋሕድ ፊት ተለወጠ፤ ወንድሜ የት እንደነበረ ያውቃል።

አሥሩም ፈረሙ። ዘርፉ ተቋቋመ። አንድ በአንድ ወጥተው ሄዱ። አስፋው ሲያልፍ ሰላም አለኝ፤ አልመለስኩለትም።

ገብረዋሕድ ወንበሮቹን እያነሣ "ጋሼ፣ የፈለጉትን ቢነግሩት አልቀየምዎትም" አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

እሑድ ከቤት አልወጣሁም። የአስፋውን ስም ብጠራ፣ አሻጥር ብል ይበቃ ነበር። ደቻሳ ሌላ ማስረጃ አይጠይቀኝም ነበር።

ሰኞ ደቻሳ ብቻውን ነበር።

"እህ፣ ምን ተባለ?"

"የትኛው ድንጋይ ውሃ እንደሚይዝ ተነጋገሩ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"በመንግሥት ሥራ ላይ የተናገረ የለም? በስም ጥራልኝ።"

"የለም።"

አተኩሮ አየኝ። "ወንድምህ ሞቷል ሲሉ ሰማሁ።"

"አዎ።"

"በእሱ ማልልኝ።"

መቀመጫዬ ላይ ተስተካከልኩ። "ከዋሸሁ የኢሳ አጥንት ይፋረደኝ" አልኩ።

"ሂድ" አለኝ።

ገብረዋሕድ ሥራ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"እርስዎ ምን አሉት?"

"ምንም። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።"

ሊያመሰግነኝ አፉን ሲከፍት በእጄ ከለከልኩት። ለእሱ የነበረብኝ ተከፍሏል። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።