አባትሽ ብሏል

የሕግ ትምህርቴን ጥዬ የወንዶች ፀጉር ቤት ከከፈትኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ጎረቤቱ «ነገር ትቆርጣለች ስንል ፀጉር ቆረጠች» ብሎ ስቆ ረሳው። አባቴ አልሳቀም፤ ስለዚህም አልረሳውም። አናጢ ነው፤ ከመስመር የወጣ ነገር አይወድም።

ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በእናቴ በኩል ነው። «ለልጅሽ ንገሪያት፣ በሩን ቀስ አድርጋ ትዝጋ» ይላል፣ በሩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ። እሱ ሲወጣ ደግሞ እማዬ ሹክ ትለኛለች፤ «አባትሽ፣ ‹ብርድ ላይ እንዳትቆም› ብሏል።» ሱቁን በከፈትኩ ዕለት ያመጣችልኝ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ «አባትሽ፣ ‹እጇ ይባረክ› ብሏል።» ደንበኛ በጠፋበት ቀን ሁሉ ያቆመኝ ይኸው ቃል ነው።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ አሥራ አምስት ቀን ትንፍሽ እንዳትል አዘዘ። ቤታችን ድልድዩ የፈረሰበት መንደር ሆነ።

በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ አባባ ለጨው ዕቃው ተናገረ። «ያ ፀጉር ቤት ባይኖር ኖሮ እናት አስታማሚ አታጣም ነበር።»

አንተ ልበለው እርስዎ፣ ግራ ገባኝ።

«አባባ፣ ታዲያ ለምን ‹እጇ ይባረክ› አልክ?»

«ማ? እኔ?»

«በተከፈተ ዕለት።»

«ከአፌ አልወጣም!»

ሁለታችንም ወደ እማዬ ዞርን። ማንኪያዋን አስቀምጣ ከንፈሯን ስታላቅቅ አባባ እጁን አነሳ፤ «ተይ! ሐኪሙ ምን አለሽ?»

አንገቷን ደፋች። እንባዋ ሾርባው ላይ ጠብ አለ።

አራት ዓመት የተደገፍኩት ግድግዳ የሷ ትከሻ ኖሯል። ጃኬቴን አነሳሁ።

«ሌላስ ምን ብያለሁ?» አለ አባባ።

«ብርድ ላይ እንዳትቆም ብለሃል። የታመምኩ ጊዜ ‹እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም› ብለሃል።»

ራሱ የሠራውን የጠረጴዛ ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ደጋግሞ ዳበሰ።

«ይቺኛዋስ እውነት ናት» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ እማዬን አያት፤ አያትና ቆየ። «ሌላውንም… እሷ ብሏል ካለች፣ ብያለሁ።»

ሱቁ ይጠብቀኝ ነበር። መውጫው ላይ ስደርስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊ» አለ።

ትዝጋ አላለም።