ከኦርጋኑ የጠፋው ድምፅ

ሰውአገኝ ኦርጋኑን የገዛው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ድብ ባሕር በምትባል መንደር የሚያርሱትን አባቱን ሁለት በሬ አስሸጦ ነው። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ «በሬዎቼ ደህና ያገሳሉ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በዚያ የጃፓን ኦርጋን ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያልተጫወተበት ሰርግ የለም ማለት ይቻላል። አብራው የምትዘፍነው የትነበርሽ የምትባል ዘፋኝ ነበረች።

ኦርጋኑ ውስጥ ራሱ የሠራው አንድ ድምፅ ነበር። የየትነበርሽን ድምፅ አስመስሎ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቤት ዘግቶ የሠራው። እሷ ስንኙን ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ እሱ በዚያ ድምፅ ይቀበላታል። ሰርገኛው የቱ ጋ እሷ እንዳቆመች፣ የቱ ጋ ኦርጋኑ እንደቀጠለ አይለይም ነበር።

ኋላ ሰርጉ ሁሉ በዲጄ ሆነ። የትነበርሽ አዘዞ ልጇ ቤት ገባች፤ ኦርጋኑም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ዘንድሮ ሰውአገኝ ስልሳ ዓመት ሲሞላው አውርዶ ቢከፍተው፣ ድምፆቹን የሚይዘው ትንሽ ባትሪ አልቆ የሠራው ሁሉ ተሰርዟል። እንደገና እንዳይሠራው ደግሞ ድምፅ የሚቀየርበት መግፊያ ተሰብሯል።

ማስተዋል የምትባል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር መሐንዲስ እሱ ግቢ ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። ባትሪውን ቀየረችለት። ቀጥላም ከክፍሏ ባለ ብዙ ማዞሪያ ትንሽ ኮንትሮለር አምጥታ፣ በላፕቶፕ አድርጋ ሚዲ በሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ ማገናኛ ገመድ ከኦርጋኑ ጋር አገናኘችው።

«ከእንግዲህ የተሰበረውን አይንኩት ጋሼ። እዚህ ሲያዞሩ እዚያ ውስጥ ይቀየራል» አለችው። በየማዞሪያው ሥር ፕላስተር ለጥፋ «አነሳስ»፣ «መክሰሚያ»፣ «ጥራት» ብላ ጻፈችበት።

ሰውአገኝ አንዱን ሲያዞር ኦርጋኑ ታዘዘ። «ሸጋ ነው!» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አብረው ይቀመጡ ጀመር። በሦስተኛው ቅዳሜ ድምፁ የሰው ጉሮሮ መሰለ፤ ማስተዋል አጨበጨበች። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ታፍኗል» አለና «ጥራት» የሚለውን ወደ ላይ አዞረው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሁንም ጨመረበት። በአምስተኛው፣ ድምፁ ቆርቆሮ በሚስማር እንደ መጫር ሆነ። ማስተዋል ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ መጨረሻ ላይ አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ በዛ እኮ። ጆሮ ይበሳል።»

«ምኑ ነው የሚበሳው? ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ነው የምትመስለው!»

ማስተዋል ላፕቶፗን ወደ ራሷ አዞረችና እየቀጠነ የሚሄድ አንድ ድምፅ ከፈተች። «መስማት ሲያቆሙ እጅዎን ያንሱ» አለችው። ድምፁ ገና ከመጀመሩ እጁን አነሳ። ማስተዋል አላጠፋችውም። እሱም ፊቷን አየ።

«አሁንም ይጮሃል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ትንሽ ጠበቀ። «አሁንስ?»

«አሁንም።»

እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ጆሮው ሠላሳ ዓመት ስፒከር አጠገብ በመቆም እንደተጎዳ ነገረው። ንግግር ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ አለ፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን አይመለስም፣ ዘፈንም እንደ ድሮው አይሰማም አለው።

ሰውአገኝ ሦስት ቀን ከቤት ሳይወጣ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን የማስተዋልን በር አንኳኳ። «የትነበርሽ ትስማው። የራሷ ድምፅ አይደል? እሷ ታርመው፣ አንቺ ታዞሪያለሽ።»

ኦርጋኑን ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አጋድመው አዘዞ ወሰዱት። የትነበርሽ ከስታለች፤ ግን ስታየው ተነሥታ አቀፈችው። ነገሩን ነገሯት፤ ሰውአገኝ ኦርጋኑን ሲጫወት ዓይኗን ጨፍና አደመጠች። ማስተዋል ማዞሪያዎቹን ጥቂት በጥቂት ወዲህም ወዲያም አዞረች። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሞከሩ።

«ምን ይጎድለዋል?» አለ ሰውአገኝ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«እንዴት አታውቂም? አንቺ እኮ ነሽ!»

«እኔ እዘፍን ነበር እንጂ ራሴን መች አዳመጥኩት? ካሴት እንኳ አልቀዳንም። እንዴት እንደሆንኩ የምታውቀው አንተ ነበርክ» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ፣ ሰውአገኝ?»

እስቲ ድሮ የዘፈነችውን አንዱን በአፏ እንድትለው ማስተዋል ለመነቻት። የትነበርሽ ጀመረች፤ በሁለተኛው ስንኝ ሳል ያዛትና ተወችው። ሰውአገኝ ከንፈሯን ያይ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ማስተዋል ኦርጋኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «የደረስንበትን ድምፅ ልመዝግበው? ከምንም ይሻላል» አለችው።

«እንደ ወደድሽ።»

«ስሙን የትነበርሽ ልበለው?»

«አይሆንም፤ እሷ አይደለችም» አለ። «ስም አታውጪለት።»

ማስተዋል በቁጥር ብቻ መዘገበችው። በመጪው ቅዳሜ ኮንትሮለሯን ይዛ ስትመጣ ሰውአገኝ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሰላምታዋን አልሰማም። ፊት ለፊቱ ስትቆም ቀና ብሎ አያትና፣ ኦርጋኑ ላይ የቀረውን ገመድ ነቅላ እንድትወስድ በእጁ አመለከታት።