የዛሬችዬ መስክ

የሟቹ ጄኔራል ኒካኖር ታርበየቭ ቤተሰብ በሩሲያ በኦካ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ የሚከበረው በሀብቱ አልነበረም። ሀብቱን ጄኔራሉ በሕይወት ሳሉ በዘመቻና በግብዣ ጨርሰውታል። የቀረው ጣሪያው የሚያፈስ ትልቅ የእንጨት ቤት፣ ሁለት ያረጁ የሰረገላ ፈረሶችና ስም ነው። ስሙ ግን አላረጀም። በአገሩ "ታርበየቭ አለ ከተባለ፣ አለ ነው" ይባል ነበር። ልጃቸው ግላፊራም ይህንኑ እየሰማች አደገች።

ወንድሟ ፕላቶን ከሴባስቶፖል ጦርነት አንድ እግሩን እያነከሰ ተመለሰ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዛሩ ገባሮቹን ነጻ ያወጡ ጊዜ ደግሞ በባለርስቱና በገባሩ መካከል መሬት የሚያካፍል አስታራቂ ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ወዳጅ የማያፈራ ሹመት ነበር። ባለርስቱ ከእኛው ወጥቶ በእኛው ላይ ይለዋል፤ ገባሩም ጌታ በጌታ ላይ አይፈርድም ብሎ አያምነውም። ግላፊራ ግን ወንድሟ የሹመቱን ሰንሰለት አንገቱ ላይ አጥልቆ ሲወጣ በመስኮት ባየችው ቁጥር ደረቷ ይሞላል።

በዚያ ዓመት እሷ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ቫሌሪያን፣ የአውራጃው መኳንንት አለቃ የሳቫቲ ኢሊች ክሮሚን ልጅ ነው። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ የሚያምርበት መኮንን። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር።

ሁዳዴ ሲጋመስ የዛሬችዬ መንደር ክርክር መጣ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ለምለም የሣር መስክ ገባሮቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ሲያጭዱት ኖረዋል። ሕጉም ሲጠቀሙበት የኖሩት መሬት ድርሻቸው ይሁን ይላል። ሳቫቲ ኢሊች ግን መስኩን ለራሳቸው አስቀርተው በምትኩ አሸዋማውን ጉብታ ሊሰጧቸው አሰቡ።

ከችሎቱ በፊት ታርበየቮች ቤት ለሻይ መጡ። ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ጾሙ እንጉዳይ ሲያወሩ ቆይተው ወደ ፕላቶን ዞር አሉ።

"መስኩን ለልጆቹ ለሠርጋቸው ልሰጣቸው ነው" አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። "አስበው እንግዲህ፣ የምትፈርደው ለእህትህ ነው።"

ፕላቶን የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አድርጎ ተነሳ። እንግዳው እንደወጡ እናትየው ወይዘሮ ዬቭፕራክሲያ ልጃቸውን ያዙት። ጉዳዩን ለሌላ ዳኛ እንዲያስተላልፍ፣ እጁን ከነገሩ እንዲያወጣ ለመኑት። እሱም የሚተካው ዳኛ የሳቫቲ ኢሊች የአደን ጓደኛ መሆኑን፣ ማስተላለፍ ማለት መስኩን አጣጥፎ እንደ መስጠት መሆኑን አስረዳቸው። እናትየው አለቀሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ግላፊራ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር በሣጥን አፈር የዱባ ችግኝ ስታፈላ እያነከሰ መጣና አጠገቧ ቆመ።

"ግላሻ፣" አላት በቁልምጫ ስሟ፣ "እኔ ፈርጄ አንቺ ትከፍያለሽ። አንድ ቃል ብትይኝ..."

"ምን እንድል ነው የምትፈልገው?" አለች፣ እጇን ከአፈሩ ሳታነሳ። "የአባታችንን ስም ለብሼ አድጌ፣ የሰው መስክ ለብሼ ሙሽራ ልሁን?"

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አፈር የነካውን እጇን ሳማት።

ችሎቱ የተሰየመው በመንደሩ ጎተራ ፊት ለፊት ነበር። በረዶው ገና ቀልጦ አላለቀም። ግላፊራ ከወንድሟ ጋር ሄዳ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠች። ሳቫቲ ኢሊች በቀበሮ ቆዳ ካፖርት ደምቀው ቆመዋል፤ ቫሌሪያንም ከአባቱ ጀርባ። የገባሮቹ ሽማግሌ ኡስቲን ቆቡን አውልቆ፣ ጫካውን መንጥሮ መስክ ያደረገው አያቱ እንደሆነ ተናገረ። ፕላቶን ወደ መኳንንቱ አለቃ ዞረ።

"ሣሩን ማን ሲያጭድ ኖረ?"

"እነሱ። ግን በእኔ ፈቃድ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአባቴ ዘመን" አሉ ሳይወዱ።

"እንግዲያው በሕጉ የእነሱ ድርሻ ነው።"

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተንሾካሾከ። ሳቫቲ ኢሊች ፊታቸው ደም ለበሰ። "ፕላቶን ኒካኖሮቪች፣ እህትህ እዚህ ተቀምጣለች። ፊቷን አይተህ ፍረድ።"

ግላፊራ ተነሳች።

"ሳቫቲ ኢሊች፣ ፊቴን አይቶ ከፈረደማ ምኑን ዳኛ ሆነው?"

ከዚያ ቫሌሪያንን አየችው። እሱ ፈረሶቹን ያይ ነበር።

ፍርዱ በዚያው ጸና። ቫሌሪያን ከሳምንት በኋላ ብቻውን መጣ። እንደሚወዳት፣ አባቱ እስኪበርድላቸው መታገሥ እንደሚሻል ነገራት። እሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ፍርዱን እንዴት አየኸው አለችው።

"እኔ ምን አገባኝ፤ የአባቴ ጉዳይ ነው።"

"ልክ ነው ብትለኝ እጠብቅህ ነበር" አለች። "ስህተት ነው ብትለኝም እከራከርህ ነበር።"

ቀለበቷን አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱ ሲወጣ በረንዳው ድረስ በወጉ ሸኘችው፤ ያለቀሰችው ኋላ፣ በሯን ዘግታ ነው።

መኳንንቱ ከታርበየቮች ቤት እግራቸውን ሰበሰቡ። በፋሲካ ማግሥት ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንደ አገሩ ወግ ሁሉም "ክርስቶስ ተነሣ" እየተባባለ ሦስት ጊዜ ሲሳሳም፣ ወደ ታርበየቮች የሚመጣ ጠፋ። በየዓመቱ ለሰላምታ ተራ የሚጠበቅላቸው ወይዘሮ ዬቭፕራክሲያ በልጆቻቸው መካከል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ግላፊራ የእናቷን ክንድ ያዘች። ይህን ሁሉ ያመጣችው እሷ የሆነች ያህል ተሰማት።

ያን ጊዜ ሕዝቡ መሐል ለመሐል ተከፈለ። ኡስቲን ነበር። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ስለወሰደው በጀልባ ተሻግሮ፣ ቦት ጫማው እንደራሰ መጥቷል። ቀይ የፋሲካ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ከወይዘሮ ዬቭፕራክሲያ ፊት ቆመና ፈራ ተባ አለ።

"ክርስቶስ ተነሣ፣ እመቤቴ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ወይዘሮ ዬቭፕራክሲያ በዕድሜያቸው ገባር ስመው አያውቁም። እንቁላሉን ተቀበሉ። ጓንታቸውን አወለቁ፤ የሽማግሌውን ትከሻ ይዘው፣ አውራጃው ሁሉ እያየ፣ ሦስት ጊዜ ሳሙት።

"በእውነት ተነሣ" አሉ፣ የመጨረሻው ሰው እንዲሰማ አድርገው።

ከዚያ አንገታቸውን ሳይሰብሩ በመኳንንቱ መሐል አልፈው ወጡ። ግላፊራና ፕላቶን ተከተሏቸው። ሰረገላው ላይ እንደተቀመጡ ነጂው በጓሮ መንገድ ሊወስዳቸው ፈረሶቹን አዞረ፤ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ያሰበላቸው መስሎት ነው።

"ወዴት ነው?" አሉት ወይዘሮዋ። "በዋናው መንገድ ንዳ። ቀስም በል።"