ቀዩ ነጥብ

ኦድጌር ጋራዡ ውስጥ የመኪና ዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ ዘንበል አድርጎ የጠቆረውን ነጭ ጋዝ ሲደፋ፣ ከሥር በተቀመጠው ጭቃ ውስጥ ጣቱ አንድ ነገር ነካ። ስስና ክብ ብረት ነው፤ ጠርዙ ላይ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ዓይኑ ምንነቱን አልለየውም፤ ጣቱ ግን ወዲያው ለየው።

የጎማ መቆለፊያ ናት። የፊት ጎማን ኩሽኔታ ገፍቶ የሚይዘው ትልቅ ዳዶ እንዳይላላ ከላዩ ትገጠምና በሁለት ብሎን ትታሰራለች። እሷ ከሌለች ዳዶው መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ቀስ በቀስ ይላላል፤ ከዚያ ጎማው ይወዛወዛል፤ በመጨረሻ ጎማው ለብቻው፣ መኪናውም ለብቻው ይሄዳል። ለግራ ጎማ አንድ፣ ለቀኝ አንድ ነበረች፤ ትርፍ አልነበረም። አንዷ ይኸው መዳፉ ላይ ተቀምጣለች፤ መኪናዋን ደግሞ ልጁ ሃልቤራ ጠዋት ይዛት ወጥታለች።

ብሌሲ ይሏታል መኪናዋን፤ የኦድጌር አባት በሚወዱት ፈረስ ስም የጠሯት ላንድሮቨር ናት። እሷም እንደ ሰው አርጅታ ነበር። ባለፈው መከር ጭነት ይዛ ዳገቱን ስትወጣ የጎረቤት ፈረሰኞች እየሳቁ አልፈዋት ሄዱ። ኦድጌር ያን ሳቅ ክረምቱን ሙሉ ሲያመነዥከው ከረመና በጸደይ በረዶ ላይ የተገለበጠ ፓትሮል ለእርድ ገዛ። ጣሪያው ተጨፍልቋል፤ ሆዱ ግን ጤነኛ ነው። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ የፊቱንና የኋላውን አክስል ከነዲፈረንሻሉ አውልቀው ከብሌሲ ሥር ሊገጥሙ አባትና ልጅ በጋውን ጋራዥ ውስጥ ጨረሱት። ሚስቱ ሶልሩን በር ላይ ቆማ፣ "ሁለት መኪና ገድላችሁ አንድ ልታስነሱ ነው?" ትላቸው ነበር።

በዚያ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ። ብሎን ጠብቆ፣ ተፈትሾ፣ ሥራው አለቀ ሲባል በሶልሩን የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ይደረግበታል። ቀይ ያለበትን ማንም ሁለተኛ አይነካውም። ማጥበቁን ሃልቤራም ታጠብቃለች፤ ሙሉ ሴት ናት፣ እጇም ብርቱ ነው። ቀዩ ግን የኦድጌር ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ሥልጣን ነውና ለማንም አላካፈለውም።

ችግሩ ዓይኑ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀጥ ብሎ ያየው ነገር መሃሉ ላይ ይደበዝዛል፤ ቀጥ ያለው የአጥር እንጨት ይጎብጥበታል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሐኪም ካወቀ መንጃ ፈቃድ ይቀማል፤ እነሱ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የማይነዳ ሰው ከግርግም እንደታሰረ በግ ነው። እናም በጋውን በጣቱ ሲሠራ ከረመ፤ በጣቱ እየዳሰሰ ቀዩን ነጥብ ሲቀባ ከረመ። የቀኙን እንዳስገባ ያስታውሳል። የግራውን የፊት ጎማ ክዳን ሲገጥም ግን መቆለፊያዋን አስገብቶ ነበር? ለማስታወስ ሞከረ። ክዳኑን ያስታውሳል፣ ቀዩን ያስታውሳል፤ መቆለፊያዋን አላስታወሰም።

በዚያ ሳምንት የሸለቆው ገበሬ ሁሉ በጋውን ከላይ ሲግጥ የከረመውን በግ ሊያወርድ በፈረስ ወጥቷል። ስንቅና መኝታ ጭኖ የሚከተላቸው አንድ መኪና ነው፤ ዘንድሮ ተራው የእነ ኦድጌር ቤት ሆነ። ሃልቤራ ያጨሱትን የበግ ሥጋ፣ ቂጣውንና የሰዉን ብርድ ልብስ ሁሉ ከየቤቱ ሰብስባ ጭና ነው የሄደችው። መንገዱ መሃል ላይ ግርዮታ የሚባል ወንዝ አለ፤ ከበረዶ ግግር የሚወርድ፣ ፀሐይ በበረታ ቁጥር የሚሞላ። እዚያ መሃል ጎማ የወለቀ እንደሆነ መኪናው ይጋደምና ውሃው ይገለብጠዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ግርዮታ ግን አያሳስቅም።

ወጥ ቤት ሲገባ ሶልሩን ከጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ከብሌሲ ጋር የሚያገናኘው የመነጋገሪያ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል። ማንሳት፣ ቁልፉን መጫን፣ "ሃልቤራ፣ ወንዙን እንዳትገቢ" ማለት ብቻ ነበር። እጁን ጫነበት። ግን በዚህ ሳምንት የዚያ ሬዲዮ ጆሮው ብዙ ነው። ፈረሰኞቹ ይሰማሉ፤ በየቤቱ የቀረውም ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚውለው። ኦድጌር ጎማ ማሰር አቃተው ሊሉ ነው! ለምን አቃተው? ዓይኑ...

እጁን አነሳ። እደርስባታለሁ አለ ለራሱ።

"የመኪናሽ ቁልፍ የት ነው?" ሲል በመስኮቱ ተጣራ።

"ኮቴ ኪስ ውስጥ። ወዴት ልትሄድ?"

"ሃልቤራ የረሳችው ዕቃ አለ።"

"ምን ረሳች? አንተ ፊትህ ለምን አመድ መሰለ?"

"ትንሽ ነገር ናት!" አለና ወጣ። ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ ዕቃዋ እውነትም ትንሽ ናት።

የሶልሩን ሱዙኪ ትንሽ፣ ዝቅ ያለች ናት፤ ሬዲዮም የላትም። ከኮረብታው ወዲያ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ኦድጌር የመንገዱን ዳር የሚያሳዩትን ቢጫ እንጨቶች በዓይኑ ጠርዝ እየለቀመ በጠጠሩ ላይ ጋለበ። ቀጥ ብሎ ሲያይ መንገዱ ይጠፋል፤ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ ይመለሳል። አንዴ ከቦዩ ለጥቂት ተረፈ። አንዴ ድንጋይ የመሰለው ነገር ተነስቶ ሲሮጥ በግ ሆነ። ፈራ። ለራሱም ፈራ፣ ከራሱ ይልቅ ግን ለልጁ። መሃል መንገድ ላይ ሳለ ነው የሠራው ሥራ ፊቱ ላይ የተደቀነበት፦ ሬዲዮው እጁ ላይ ነበር። ልጁን ከውሃ፣ ስሙን ከሳቅ ለማዳን ምርጫ ቀርቦለት ስሙን መረጠ። ከራስ በላይ ነፋስ ማለት እንዲህ ነው። ለመመለስ ደግሞ ረፍዷል።

በመጨረሻው የአጥር በር ላይ ስቴይንቶርን አገኘው። የበግ አሰባሳቢዎቹ አለቃ ነው፤ "የተራራው ንጉሥ" ነው የሚሉት፣ እሱም ሹመቱን አይጠላውም። ከፈረሱ ላይ ሆኖ ሱዙኪዋን ቁልቁል አያት።

"ኦድጌር! በዚች ጫማ ነው ተራራ ልትወጣ?"

"ሃልቤራን አይተሃታል?"

"አሁን አለፈችኝ። የአባትህ መኪና ነፍስ ዘርታለች እባክህ! ፈረሴን አስደነገጠችው።"

"ጎማዋስ? የፊት ግራው እንዴት ነበር?"

"ክብ ነበር።"

"ቀልዱን ተወኝ! ይወዛወዝ ነበር ወይ ነው የምልህ!"

የስቴይንቶር ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። "እኔ እንጃ። ምነው?"

ኦድጌር በጥድፊያው ሰውየው ሬዲዮ እንደያዘ እንኳ ትዝ ሳይለው ነዳ።

ግርዮታ ሞልቷል። ውሃው የሲሚንቶ ጭቃ መስሎ ይጋልባል። ኦድጌር ከሱዙኪዋ ወርዶ ወደ ዳርቻው ሮጠና ብሌሲን ፈለጋት፤ ቀጥ ብሎ ሲያይ ውሃ ብቻ፣ አንገቱን ሲያዘነብል መሃል ወንዙ ላይ የመኪናዋ ጀርባ። ውሃው ከጎማዋ በላይ ሆኖ ይገፋታል። ጮኸ፤ ድምፁን ወንዙ ዋጠው። አምላክ ሆይ፣ ዓይኔን ሁለቱንም ውሰድና ያችን ጎማ ያዝልኝ ብሎ ተሳለ፤ ከጋብቻው ቀን ወዲህ ጸልዮ የማያውቅ ሰው።

ብሌሲ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ውሃው እየተንጠባጠበ ከወዲያ ማዶ ወጣች።

ኦድጌር ወደ ውሃው ጠርዝ ተጠጋ። ግን ነገሩ ገና አላለቀም፤ ማዶም ዳገት አለ፣ ገደል አለ። ሁለቱን እጁን ወደ ላይ አድርጎ አወዛወዘ። ባለሽበት ቁሚ፣ አትንቀሳቀሺ ማለቱ ነው። ማዶ ያለችው ልጅ ግን ያየችው አባቷ በእናቷ መኪና ነፍሱ እስክትወጣ ሮጦ መጥቶ እጁን ሲያውለበልብ ነው። ብሌሲን አዞረቻት።

"አይሆንም! ተመለሽ! አይሆንም!"

በጮኸ ቁጥር ፈጠነች። ውሃው ውስጥ ገባች። አሁን የግራው ጎማ ወንዙ የሚመጣበት ጎን ላይ ነው፤ ግፊቱን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። አንዴ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ዘነበለች፤ ኦድጌር ዓይኑን ጨፈነ፤ የማያይ ዓይን መጨፈን ምን ይጠቅማል? ሲገልጥ ብሌሲ አጠገቡ ቆማ ታጉረመርማለች።

ሃልቤራ ዘልላ ወረደች። "እማዬ ናት? ምን ሆነች?"

"ጎማው!" አለ ኦድጌር። መዳፉን ዘረጋላት፤ መቆለፊያዋ እጁ ላይ ማህተም አትማለች። "የግራው... አላስገባኋትም። ቀይ አድርጌበት፣ ሳላስገባት።"

ሃልቤራ ብረቷን አየች። ትከሻዋ ወረደ።

"የት አገኘኻት? ጋራዡን ገለባብጬ ፈልጌ ያጣኋትን!"

"ፈልገሽ?"

"ክዳኑን ስከፍተው አልነበረችም። ከተማ ወርጄ ሌላ ገዝቼ አስገባሁ። እሷን ብለህ ነው በዚህ መንገድ የነዳኸው? በምን ዓይንህ?"

ኦድጌር ተንበረከከና የግራውን ክዳን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንገቱን አዘነበለ። ቀዩ ነጥብ አለ። ከጎኑ ሌላ ነጥብ አለ፣ ሰማያዊ።

ተነስቶ መኪናዋን ዞረ። ከኋላ አክስሉ ሥር ተንፏቆ ገባ፣ ወደ ካምቢዮው ተሳበ። ቀይ ባለበት ሁሉ ሰማያዊ አለ። ሁለተኛ የማይነካው ሁሉ ሁለተኛ ተነክቷል።

"ስንት ቦታ ላላ ብሎ አገኘሽ?" አለ ከሥር ሆኖ።

"አባዬ፣ ተወው።"

"ስንት?"

"ውጣ፣ ልብስህ ረጠበ።"

ወጣ። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ እንባውን እንዳታይ ነው፣ አየችው ግን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"በግ ስትቆጥር እንደ ዶሮ አንገትህን ማዘንበል ከጀመርክ ወዲህ።" ልትስቅ ሞከረች። "ለእማዬ አልነገርኳትም። እሱን አንተ ነህ የምትነግራት።"

የብሌሲ ሬዲዮ በተከፈተው በር በኩል ተንሿሿ። ስቴይንቶር ነበር፦ "ሃልቤራ፣ አባትሽ እንደ እብድ ነድቶ አለፈኝ፤ ስለ ጎማ ይጠይቃል። ሰላም ነው?" ወዲያው የሶልሩን ድምፅ ገባ፦ "የምን ጎማ? ሃልቤራ? ልጄ፣ መልሺልኝ!"

ሃልቤራ እጇን ዘረጋች። ኦድጌር ቀደማት። ቁልፉን በጣቱ ፈልጎ ተጫነ።

"ሶልሩን፣ እኔ ነኝ። ልጅቷ ደህና ናት፣ ጎማውም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው የእኔ ዓይን ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ በቅጡ አላይም። የእኔን ስህተት ሁሉ እሷ ናት ስታርም የከረመችው። ያልነገርኩሽ ፈርቼ ነው።"

የሬዲዮውን ቁልፍ ለቀቀ። የሸለቆው ቤት ሁሉ ሰማ። የሶልሩን ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ።

"ሰምቻለሁ። የመኪናዬን ቁልፍ ለልጄ ስጣት።"

ሱዙኪዋ ከሣሩ ዳር ቀረች። ኦድጌር ቁልፏን ለሃልቤራ ሰጥቶ የብሌሲን የተሳሳተ በር ከፈተ፤ ዕድሜውን ሙሉ የገባው በመሪው በኩል ነው። ዞሮ ከጎኗ ተቀመጠ። ውሃው አፋፍ ሲደርሱ፣ መኪናው ቢገለበጥ ቶሎ ለመውጣት በሸለቆው ልማድ እንደሚደረገው፣ ሃልቤራ መስኮቱን አወረደችና የመቀመጫ ቀበቶዋን ፈታች። እሱም የራሱን በጣቱ ፈልጎ ፈታ።