የጤናዬ ትራፊ ከሰል

ዘመነች ቅናተኛ አልነበረችም። ይህን የምትናገረው ራሷ ናት፤ ኮልፌ ፌርማታ በቆሎ ለሚጠብሱት ሁሉ፣ በየቀኑ።

በዚያ ነሐሴ ግን አንድ ነገር አንገበገባት። ትኬት ቆራጩ ደመቀ፣ ሚስት የሌለው፣ እሷም በልቧ ካገባችው ሁለት ክረምት ያለፈው ደመቀ፣ ከአውቶቡስ እየወረደ፣ እሷን እያለፈ፣ ከመንገዱ ማዶ በቆሎ ከምትጠብሰው ከጤናዬ ዘንድ ይበላ ጀመር።

«ምነው አቶ ደመቀ፣ የኔ በቆሎ መረረዎት እንዴ?»

«በቆሎሽማ ማር ነው፤ ከሰልሽ ነው እንጂ! ሲንጣጣ ካኪዬን በሳው፤ ጭሱም አስለቀሰኝ። የጤናዬ ዝም ብሎ ነው የሚቀላው።»

ዝም ብሎ የሚቀላ ከሰል! ይኼማ መድኃኒት ቢኖረው ነው። ዘመነች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጤናዬን እስከ ቤቷ ተከትላ በአጥር ቀዳዳ አጮለቀች።

ጤናዬ የተረፈውን ፍም ከማንደጃው አንድ በአንድ በጉጠት እያነሳች አፉ በተሸረፈ እንስራ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ክዳን ገጥማ ዳር ዳሩን በጭቃ መረገችው። እሳቱ ታፍኖ ይሞታል፤ ከሰሉ ይተርፋል። አንዴ የነደደ ከሰል ደግሞ አይጨስም፣ አይንጣጣም። ዘመነች በበኩሏ የተረፋትን ሁሉ ውኃ ቸልሳበት ነበር የምትሄደው።

ልቧ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ደመቀ የጤናዬን በቆሎ እየጋጠ ሲያልፍ ጠራችው።

«አቶ ደመቀ፣ ጉድዎን ልንገርዎት? ያቺ ሴትዮ የምታበላዎት በትራፊ ከሰል ነው! በትናንቱ! እንደ ሬሳ ገንዛ፣ በጭቃ መርጋ እያሳደረች!»

ደመቀ በቆሎውን ከአፉ አራቀ። ዘመነች ሊተፋ ነው ብላ ጠበቀች።

«ከሰል ታሳድራለች?» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሟች እናቴ እንዲህ ነበረች። የክብሪት እንጨት ለሁለት ትሰነጥቅ ነበር! እኔ ደሞዜን በሳምንት የምትበትን ሴት ፈርቼ አይደል እስከዛሬ ቆሜ የቀረሁት? ከማን ጋር ነው የምትኖረው?»

«ከ... ከወንድሟ።»

«በይ ቤቱን አሳዪኝ፤ እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ። መቼም ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም።»

እውነት ነው፤ የአጥሩ እሾህ የቧጨረው ጉንጯ ገና አልሻረም። ቤቱ ከፌርማታው ጀርባ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ነበር።

ዘመነች ማራገቢያዋን ወደ ሌላው አቅጣጫ ቀሰረች። «ሩቅ ነው» አለች፤ «ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼም ወዲያ።»

እሑድ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በቆሼ ጭቃ የጤናዬን ወንድም ቤት ሲያፈላልጉ ዋሉ። ዘመነች አንድ ሳምንት አተረፈች።