የሮዜን አልበም ሁለተኛ ድምፅ

ኑኃሚን በመዘምራኑ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትቀበል ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ አውጥታ አታውቅም። አውጪዎች ይመጣሉ፣ ስም ያወጣሉ፣ ያገባሉ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ተቀባይ ግን እንደ ቤት ምሰሶ ነው፤ መኖሩ ትዝ የሚለው ሲወድቅ ብቻ ነው። ኑኃሚን ደግሞ ወድቃ አታውቅም። በአዳማዋ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ የምትቆመው ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር በመሆኑ፣ ትርፏ የግራ ጆሮዋ መድከም ነበር።

ሮዜን ያገኘቻት ቢሾፍቱ፣ ሠርግ ላይ ነው። ሮዜን የአንድ አበባ እርሻ የውሃ ፓምፖችን የሚቆጣጠር ፈረንሳዊ ሚስት ናት። አራት ዓመት ስለኖረች አማርኛዋ ገበያ ያደርሳል፣ ቀበሌ ግን አያደርስም። መዘምራኑ ቁጭ ብለው ሲበሉ መጥታ ኑኃሚን ፊት ቆመች።

«የምትቀበይው አንቺ ነሽ?»

ኑኃሚን ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ያጠፋች መሰላት። «ብዙ ነን» አለች።

«ብዙ ነበራችሁ። የሰማሁት አንቺን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮዜን ካገባች ወዲህ ተወችው እንጂ በአገሯ ዘፋኝ ነበረች። አሁን አንድ አልበም እየሠራች ነው፦ የትውልድ አውራጃዋን የብሬታኝን፣ የአየርላንድን፣ የዌልስን፣ ባጠቃላይ ኬልት የሚባሉትን የሚዛመዱ ሕዝቦች የድሮ ዜማ። ከአሥራ ሁለቱ ዜማዎች ሦስቱ ያለ ሁለት ሰው አይባሉም። ድሮ የምትቀበላት እህቷ ነበረች፤ አምና ሞተች።

ማታ ኑኃሚን ለባሏ ለወዬሳ ነገረችው። ወዬሳ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው።

«እንግሊዝ ናት?»

«አይ፣ ፈረንሳይ። ግን ፈረንሳይም አይደለሁም ትላለች። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አያቷ ትምህርት ቤት በቋንቋዋ ስታወራ ትቀጣ ነበር አሉ።»

«ገባኝ» አለ ወዬሳ፤ የራሱም አያት በኦሮምኛቸው የደረሰባቸውን አስታውሶ፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ወደ ፈተና እርማቱ ተመለሰ።

ልምምዱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ ዜማ አንዷ ስታወጣ ተቀባይዋ እስክትጨርስ አትጠብቅም፤ የመጨረሻዋን ቃል ከላይ ትይዛታለች፣ ለአንድ አፍታ አብረው ይሄዳሉ፣ ከዚያ የፊተኛዋ ዝም ብላ ትተነፍሳለች። ኑኃሚን ያደገችው ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አፍ መንጠቅ ነውር በሆነበት ቤት ነው። የመዘምራኑ መሪ ዲበኩሉም ዕድሜ ልኩን «ይጨርስ፣ ከዚያ ተቀበሉ» ሲል ነው የኖረው። በሁለተኛው ሳምንት እንኳ ስትገባ «ይቅርታ» ማለት ያምራት ነበር። ቃሉን በደብተር ላይ በፊደል ጻፈችው፤ ትርጉሙን ደግሞ ጠየቀች።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ከባሕር ጠረፍ የባሕር ሣር ስለሚሰበስቡ ሴቶች።»

«የጌታ ስም አለበት?»

«የለበትም።»

«የወንድስ?»

«የለም። ፈረስ አለ።»

«ፈረስ ችግር የለውም» አለች ኑኃሚን። «ባሕሩ የቆቃን ሐይቅ ያህላል?»

«ይበልጣል።»

«ጉማሬ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ሴቶቹ ምን ይፈራሉ?»

«ውሃውን። ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።»

ኑኃሚን ይህን አላመነችም፤ ለዘፈን ያህል ግን ይሁን ብላ አለፈችው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ትንፍሽ አላለችም። አምና ሊዲ የምትባል የመዘምራን ልጅ ሆቴል ውስጥ ዘፍና ስድስት ወር በተግሣጽ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ስትመለስ ድምፅዋ አብሯት አልተመለሰም።

የተቀዱት በድምፅ ቀጂው በጫላ ስቱዲዮ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ፍራሽ ተሸፍኗል፤ ፍሪጁም እንዳያጉረመርም ተነቅሏል።

«ኑኃሚንዬ፣ ተጣድፈሽ ገባሽ እኮ» አለ ጫላ ማዳመጫውን አውልቆ። «ሴትዮዋ አልጨረሰችም።»

«እንደዚህ ነው የሚባለው።»

«ሰው አፍ ውስጥ መግባት?»

«አገራቸው ይፈቅዳል።»

በአራተኛው ሙከራ ጫላ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ» አለ፤ በቃ ጥሩ ነው ማለቱ ነበር። ኑኃሚን ግን ከዜማው ይልቅ የያዘችው የሮዜንን ትንፋሽ ነው። ቃሉን በያዘችላት ቁጥር ከጎኗ አየር ሲገባ ትሰማለች፤ ረጅም፣ ያለ ስጋት። አንድ ሰው በእሷ ተማምኖ እንደሚተነፍስ በአርባ ስድስት ዓመቷ ገና ያን ቀን አወቀች።

ሮዜን ደስ ብሏት አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ ቴሌግራም ላይ ለቀቀች። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ ሦስት ሽማግሌዎች የኑኃሚንን በር አንኳኩ።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሽማግሌ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት የሚመጣው ለሦስት ነገር ነው፦ ለለቅሶ፣ ለጋብቻ፣ ለተግሣጽ። በቤቱ የሞተ የለም፤ ለዳር የደረሰች ልጅም የለችም። ኑኃሚን ሻይ ቀዳችላቸው።

ጋሽ ማናሴ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ። ቁራጩ ተሰማ። ጫማቸው ምንጣፉ ላይ የዜማውን ምት ይከተል ነበር፤ ኑኃሚን ያንን አላየችም፤ ፊታቸውን ነበር የምታየው።

«እህት ኑኃሚን፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው?»

ወዬሳ የሻዩን ብርጭቆ ትኩር ብሎ አየ።

«አይደለም» አለች።

«አይደለም?»

«የሷው አገር ሰው ትሆናለች።»

«ብያችሁ ነበር እኮ» አለ ከመጡት አንዱ። «የኛ ሰው አፍ እንዲህ አይታጠፍም።»

ሻያቸውን ጠጡ፣ ጸለዩ፣ ተነሡ። ጋሽ ማናሴ በሩ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ሊሉ ነበር፤ ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱ።

«ጴጥሮስ እንኳ ዶሮ ነበረው» አለ ወዬሳ።

«ተወኝ።»

«የጎረቤታችን ዶሮ ደግሞ ሲያሻው ስለሚጮህ አይታመንም።»

ውሸት ብቻውን አይኖርም፤ አንዴ ካስገቡት ጓዙን ያስመጣል። ሰኞ ኑኃሚን ለሮዜን ደወለች።

«ቁራጩን አንሽልኝ። ከአልበሙም።»

«ስምሽን?»

«ድምፄንም።»

«ዘፈኑ ጥፋት አለው?»

«የለውም።»

«እኔስ?»

«የለብሽም።»

«እሺ» አለች ሮዜን። ከአማርኛ ቃል ሁሉ አሳምራ የምትለው ይህችን ነበር።

በዚያው ሳምንት ጫላም ደወለ። «አጥፋ ተብያለሁ። ኑኃሚንዬ፣ እዚህ ከጠፋ ሌላ ቦታ የለም፤ ልቅዳልሽ?»

አንድ ቃል በቂ ነበር። ኑኃሚን ቤት ውስጥ ከተገኘ ምን እመልሳለሁ አለች በሆዷ። «አጥፋው» አለችው።

የሮዜን ባል ውሉን ጨርሶ በኅዳር አገራቸው ገቡ። ሮዜን ስትሰናበት አቅፋታለች፤ ስለ ዘፈኑ አንዳችም አላነሣችም። አልበሙ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ወዬሳ ከኢንተርኔት ፈልጎ ከፈተላት። ሦስቱም ዜማዎች አሉ፤ ሁለቱም ድምፆች የሮዜን ናቸው። ራሷ አውጥታ ራሷ ተቀብላዋለች፤ በመሣሪያ ስለተጣበቀ መጋጠሚያው አይታወቅም። ኑኃሚን ደህናውን ጆሮዋን አስጠግታ ሦስቴ ሰማችው። የትም ቦታ ላይ የሚተነፍስ ሰው የለም።

«ጥሩ ነው» አለ ወዬሳ።

«ጥሩ ነው» አለች።

በቀጣዩ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ማናሴ በር ላይ ጠበቋት።

«ያቺ ሴትዮ አልበሟ ወጣ አሉ። ያን ቀን እኮ ድምፁ ያንቺ መስሎን ነበር። ለሃምሳኛው ዓመት በዓላችን በዚያ ዓይነት ዜማ የኛን ቃል አስገብተን ሁለታችሁን ልናዘምር ኮሚቴው ወስኖ ነበር። አንቺ እንድታወጪ።»

«እኔ?»

«አንቺ እንጂ። አይደለሁም ስትዪ ተውነው።»

«ጋሽ ማናሴ፣ እኔ ነበርኩ።»

ሽማግሌው ትንሽ አዩዋት፤ ስልካቸውን አውጥተው አልበሙን ከፈቱ፤ ጎን ለጎን ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይሄ አንድ ሰው ነው፣ እህት ኑኃሚን።»

«አሁን አንድ ነው። ያኔ ሁለት ነበርን።»

«ያኔ አይደለሁም አልሽን።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ያኔ ነው አሁን?»

«ያኔ። እርስዎም ሰምተውታል እኮ፣ ስልክዎ ላይ ነበረ።»

«እሱማ የለም፤ ጠፍቷል።» ጋሽ ማናሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው የተመኘውን ነገር ደጋግሞ ሲያስበው ያደረገው ይመስለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላ መቆም ቀላል አይደለም፤ ይገባኛል። ግን የሰው ሥራ የኔ ነው ማለት ጥሩ አይደለም።»

እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው እዚያው፣ ሰው እየወጣ ሳለ፣ ጌታ ለእህታቸው እውነትን እንዲያስወድዳት ጸለዩ። ኑኃሚን አሜን አለች።

ወዬሳ መንገድ ማዶ ጥላ ሥር ይጠብቃት ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ጸለዩልኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ውሸት።»

ወዬሳ የትኛው እንደሆነ ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ባጃጅ ጠራ።