የእሑድ ዓረፍተ ነገር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደጋግሜ ሳልለካ መቀስ አላነሳም። ደንበኛ ቢነጫነጭ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሚስቴ በሕይወት ሳለች፣ አንተ ለክተህ እስክትጨርስ ሰውየው ይወፍራል እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝ እንኳ የለም።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ባሕር ማዶ። የልጅ ልጄ አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ነው። እሑድ እሑድ ሲደውሉ "ሄሎ" እላትና ዝም እላለሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? አንድ እሑድ ልጄ ቁርጡን ነገረችኝ።

"አባዬ፣ ልጅቷ ስልኩን አልይዝም እያለች ነው። ምን ላድርጋት?"

በማግስቱ ጎረቤቴን፣ ጡረታ የወጣውን የእንግሊዝኛ መምህር፣ አስተምረኝ ብዬ ያዝኩት። እንግሊዝኛ ለካ ከኮት አይለይም፤ ባለቤቱ ከፊት፣ ግሡ ቀጥሎ፣ ተሳቢው ከኋላ። መጀመሪያው በትልቁ ፊደል ይከፈታል፣ መጨረሻው በነጥብ ይዘጋል። ኮማ ያለቦታዋ ከገባች ደግሞ ሁሉም ይጨማደዳል። ወደድኩት። ከወራት በኋላ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ማውጣት ተወ። አንድ ነገር ግን አልጣመውም።

"ጽሑፍህስ ጥሩ ነው፤ አፍህን ክፈት እንጂ። ብትሳሳት ማን ያስርሃል?"

ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አለቀለት አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ተወኝ።

እሑድ ስልኩ ጮኸ። እናቷ እንዴት እንደለመነቻት እንጃ፣ ትንሿ መጣች። በእንግሊዝኛ፣ አያቴ ዛሬ ምን ሠራህ አለችኝ። ገባኝ። ለእሷው ነጭ ቀሚስ ስሰፋ ነው የዋልኩት። ይህንኑ ልነግራት ባለቤቱን አስቀመጥኩ፣ ግሡን ፈለግሁ። ግን ቁልፎቹ ገና አልተተከሉም፤ ሰፋሁልሽ ልበል ወይስ እየሰፋሁልሽ ነው? ነጭ የሚለውስ ከቀሚሱ ፊት ነው ከኋላ? በልቤ ፈታሁ፣ መልሼ ገጣጠምኩ።

ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ፊቷን ከስልኩ አዙራ ለእናቷ ተናገረች። እንደዚያ ጥርት ብሎ የገባኝ እንግሊዝኛ የለም።

"እማ፣ ማንም የለም እኮ።"

ልጄ ስልኩን ተቀብላ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ልጅቷን መልሰሽ ጥሪልኝ ለማለት ወኔ ከዳኝ፤ ተሰነባበትን።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ መጣልኝ። ለስፌት መኪናው፣ ለባዶው ወንበር፣ ለተንጠለጠለው ቀሚስ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። አንድም ስህተት አልነበረበትም።